ባሕር ሲሸሽ የሚቀር ምልክት

[የመግቢያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይጀምራል፤ ቀስ በቀስ ይወርዳል]

  ወረታ ከተማ ያላችሁ፣ ናበጋና ዋገጠራ፣ ሽናና ጅግና ያላችሁ፣ ርብና ጉማራ ዳር ከብት እየጠበቃችሁ የምታዳምጡን፣ ሬዲዮናችሁን ከረከቦቱ አጠገብ አድርጋችሁ ቡና የምታፈሉ እናቶች፣ ከትምህርት ቤት ተመልሳችሁ ቁጭ ያላችሁ ተማሪዎች፣ ይህ ሳምንታዊው የሳይንስ ዝግጅታችን ነው።

የዛሬው ጉዳያችን የሰማይ ነው። የምጀምረው ግን ከጭቃ ነው። ከፎገራ ጭቃ።

በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሲፈስሱ፣ ጣናም ከዳርቻው አልፎ ሲመጣ፣ ሜዳው ባሕር ይሆናል። መስከረም አልፎ ጥቅምት ሲገባ ውሃው ወደ ኋላ ይላል፤ ገበሬውም ባሕር ሸሹን እየተከተለ ሽምብራውን፣ ጓያውን ይዘራል። ይህን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ውሃው ገና እንደሸሸ፣ ሰውም ከብትም ሳይረግጠው፣ አሸዋ የቀላቀለውን ደለል ጎንበስ ብላችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ? እንደ ሹሩባ ተርታ ተርታ የተሠሩ ትንንሽ ጉብታዎች አሉበት። ጣታችሁን ብታሳልፉባቸው ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላሉ። የጉብታው ሁለቱም ጎን እኩል ከሆነ፣ የሠራው ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ የነበረ የሐይቅ ሞገድ ነው። አንዱ ጎን ለስላሳ ዳገት፣ ሌላው ጎን ደግሞ ቀጥ ያለ ቁልቁለት ከሆነ፣ የሠራው በአንድ አቅጣጫ ሲፈስ የነበረ ውሃ ነው፤ ውሃው የሄደውም ቁልቁለቱ ወዳለበት ወገን ነው።

ውሃው የለም። ሞገዱም የለም። ምልክቱ ግን አለ፤ ቅርጹም ማን እንደሠራው ይናገራል።

ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ደጋግሜ ስለምመለስባት ነው። ሞገዱ ቢሄድም ምልክቱ ይቀራል፤ የምልክቱ ቅርጽ ሠሪውን ይናገራል።

ዛሬ የምናወራው ዓለም በተጀመረችበት ቅጽበት ተነሥቷል ስለሚባል አንድ ሞገድ ነው። የስበት ሞገድ ይባላል። ሳይንቲስቶች ምልክቱን የሚፈልጉት ደለል ላይ አይደለም፤ ከብርሃን ሁሉ በሚያረጀው ብርሃን ላይ ነው።

[አጭር የክራር ዜማ]

ለመሆኑ ከብርሃን ሁሉ የሚያረጀው የትኛው ነው? የፀሐይ ነው? አይደለም። የፀሐይ ብርሃን ከፀሐይ ተነሥቶ ፎገራ ሜዳ ላይ ለመድረስ 8 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው የሚፈጅበት።

ዕድሜያችሁ ገፋ ያለ አድማጮች የድሮውን ቴሌቪዥን ታስታውሱታላችሁ። ጣቢያው ሲዘጋ ወይም አንቴናውን ነፋስ ሲያዞረው፣ ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ ይርመሰመስበታል። ድምፁም እንዲህ ነው።

[የድሮ ቴሌቪዥን የ«ሽሽሽ» ድምፅ፣ አምስት ሰከንድ ያህል]

ሰማችሁት? ይህ ሽሽታ የብዙ ነገር ቅልቅል ነው። ከቴሌቪዥኑ ከራሱ ይመጣል፣ ከመብረቅ ይመጣል፣ በአካባቢው ከሚሠራ ሞተር ይመጣል። ከመቶው አንድ እጅ ያህሉ ግን ከምድርም ከፀሐይም አይደለም። ወደ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ሲጓዝ ኖሮ የደረሰ ጥንታዊ ብርሃን ነው።

የተገኘበት ታሪክ ደስ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ1964 በአሜሪካ፣ ኒው ጀርሲ ውስጥ ሆልምደል በምትባል ቦታ፣ አርኖ ፔንዚያስና ሮበርት ዊልሰን የተባሉ ሁለት የቤል ላብራቶሪ ተመራማሪዎች ትልቅ የቀንድ ቅርጽ ባለው አንቴና ይሠሩ ነበር። አንዲት የማትጠፋ ሽሽታ አስቸገረቻቸው። አንቴናውን ወደየትም ቢያዞሩት አለች። ቀንም ሌሊትም፣ በጋም ክረምትም አለች። ርግቦች አንቴናው ውስጥ ጎጆ ሠርተው ኖሮ፣ ምናልባት ኩሳቸው ይሆናል ብለው ጠርገው አጸዱት። ሽሽታዋ አሁንም አለች። ለካ እነሱ ሊያስወግዱት የታገሉት ነገር ዓለም ከተወለደች ጀምሮ ሰማይን የሞላ ብርሃን ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1978 የኖቤል ሽልማት አስገኘላቸው።

በሳይንስ ስሙ ኮስሚክ ማይክሮዌቭ ባክግራውንድ ይባላል። ዛሬ ግን እኛ በአጭሩ «ጥንታዊው ብርሃን» እንበለው።

ከየት መጣ? የነሐሴን ማለዳ አስቡ። ጉም ሜዳው ላይ ተኝቷል። ነግቷል፣ ብርሃን አለ፤ ነገር ግን አሥር እርምጃ ርቃ የቆመችውን ላም አታዩዋትም። ለምን? ብርሃኑ በየጠብታው እየተጋጨ መንገድ ስለሚስት ነው። ዓለምም በመጀመሪያ እንደዚያ ነበረች። እጅግ የጋለች፣ እጅግ የታመቀች ነበረች፤ ኤሌክትሮን የሚባሉት ጥቃቅን ቅንጣቶች በየቦታው ተበትነው ብርሃንን ያንገላቱት ነበር። እየሰፋች፣ እየቀዘቀዘች ሄደች። 380 ሺህ ዓመት ገደማ ሲሆናት ሙቀቷ ወደ 3,000 ዲግሪ ወረደ። ኤሌክትሮኖቹ ከአቶም አስኳሎች ጋር ተጣመሩ፤ ጉሙ ተገለጠ፤ ብርሃኑም መንገድ አገኘ። ያ ብርሃን ነው እስከ ዛሬ የሚጓዘው። በጉዞው ላይ ሳለ ዓለም 1,100 ጊዜ ያህል ስለሰፋች፣ ብርሃኑም አብሮ ተለጥጦ ዓይን የማያየው ማይክሮዌቭ ሆነ። ዛሬ ሙቀቱ ከዜሮ በታች 270 ዲግሪ ገደማ ነው።

ስለዚህ ጥንታዊው ብርሃን ማለት ጉሙ የተገለጠ ዕለት የወጣው ብርሃን ነው። ከዚያ በፊት የሆነውን ነገር በብርሃን ማየት አይቻልም። ታዲያ ከጉሙ ወዲያ ምን እንደነበረ በምን ይታወቃል?

[የክራር ዜማ፤ ከዚያ የመኪና ድምፅ ከሩቅ]

ይህን ከመመለሴ በፊት ወደ መንገድ ልውሰዳችሁ። ባለፈው ክረምት ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚኒባስ ስሄድ ጋቢና ተቀምጬ ነበር። ጉማራን ተሻግረን ሰው ለማውረድ ቆምን። ግራና ቀኝ የሩዝ ማሳው ውሃ ይዞ ተኝቷል፤ የማለዳዋ ፀሐይ ደግሞ ውሃው ላይ አርፋ ታንጸባርቃለች፤ ዓይን አታስገልጥም። ሹፌሩ መነጽሩን አውልቆ ሰጠኝ። «ፖላራይዝድ ነው» አለኝ።

አደረግሁት። ነጸብራቁ ጠፋ። አልደበዘዘም፣ ጠፋ! ከውሃው በታች የሩዙ አገዳ እስከ ሥሩ፣ ጭቃውም ጭምር ወለል ብሎ ታየኝ። ቀጥሎ ራሴን ወደ ትከሻዬ ዘንበል አደረግሁ። ነጸብራቁ ተመለሰ። ቀና ስል ሄደ፣ ዘንበል ስል መጣ። ረዳቱም «እስቲ ልየው» ብሎ ተቀበለኝና እሱም አንገቱን ወዲያና ወዲህ ሲያደርግ ቆየ።

ምሥጢሩ ምንድን ነው? ብርሃን ሞገድ ነው፤ ይንቀጠቀጣል። መጫኛ ወስዳችሁ አንዱን ጫፍ ዛፍ ላይ እሰሩና ሌላውን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ታች አወዛውዙት፤ ሞገዱ ላይና ታች እያለ ይሄዳል። ግራና ቀኝ ብታወዛውዙት ደግሞ እንደ እባብ መሬት ለመሬት ይሄዳል። ከፀሐይ የሚመጣ ብርሃን በሁሉም አቅጣጫ የሚንቀጠቀጥ ቅልቅል ነው። ውሃ ላይ አርፎ ሲነጥር ግን ግራና ቀኝ የሚንቀጠቀጠው ይበዛል። መነጽሩ እንደ አጥር ነው፤ በቆሙት እንጨቶች መካከል ላይና ታች የሚለውን ያሳልፋል፣ ግራና ቀኝ የሚለውን ይከለክላል። የብርሃን ንዝረት ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያደላ ነው ፖላራይዜሽን የሚባለው።

ሰማዩም እንዲሁ ነው። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ያንን መነጽር ይዛችሁ ቀጥ ብላችሁ ከአናታችሁ በላይ ያለውን ሰማያዊውን ሰማይ እዩ፤ መነጽሩን አዙሩት፤ ሰማዩ ሲጠቁርና ሲፈካ ታያላችሁ። ፀሐይዋን ራሷን ግን በመነጽርም ሆነ ያለ መነጽር እንዳታዩ፣ አደራ። የሰማዩ ብርሃን ፖላራይዝድ የሆነው አየሩ ውስጥ ካሉ ቅንጣቶች ጋር ተጋጭቶ ስለሚመጣ ነው። በነገራችን ላይ፣ ንብ ይህን ያለ መነጽር ታያለች። ፀሐይዋ በደመና ብትሸፈንም የሰማዩን ፖላራይዜሽን እያየች ወደ ቀፎዋ ትመለሳለች። ይህን የደረሰበት ካርል ፎን ፍሪሽ የተባለ ኦስትሪያዊ ነው።

እንግዲህ ተመልከቱ። ብርሃን ከውሃ ሲነጥር፣ ከአየር ቅንጣት ጋር ሲጋጭ፣ የንዝረት አቅጣጫ ይዞ ይወጣል። ጥንታዊው ብርሃን ጉሙ ከመገለጡ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ የተጋጨው ከኤሌክትሮን ጋር ነው። ታዲያ እሱስ አቅጣጫ ይዞ አይወጣም ወይ? ይወጣል! እ.ኤ.አ. በ2002 በደቡብ ዋልታ የነበረ ዳሲ የተባለ መሣሪያ ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ለካው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ኤሌክትሮኑን ብርሃን ከየአቅጣጫው እኩል ቢመታው አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል፤ ምልክት አይቀርም። ምልክት የሚቀረው ከአንደኛው መስመር የሚመጣው ብርሃን ከሌላኛው የጋለ ሲሆን ነው። ይህን ልዩነት ማን ፈጠረው? ሁለት ተጠርጣሪዎች አሉ። አንደኛው፣ ዓለምን የሞላው ቁስ አንዱ ቦታ ጠበቅ፣ ሌላው ቦታ ሳሳ ማለቱ ነው። ሁለተኛው የስበት ሞገድ ነው።

[አጭር ሙዚቃ]

የስበት ሞገድ ምን ዓይነት ነገር ነው? እ.ኤ.አ. በ1916 አልበርት አይንስታይን ነው በስሌት የደረሰበት። ጋቢ ውሰዱና ሁለት ሰው በሁለት ጫፍ ይዞ ይሳበው። በርዝመቱ ይለጠጣል፤ በወርዱ ይጠባል። አሁን ደግሞ በወርዱ በኩል ሳቡት፤ ወርዱ ይለጠጣል፣ ርዝመቱ ያጥራል። የስበት ሞገድ ሲያልፍ እንዲህ የሚሆነው ቦታው ራሱ ነው። በእኔና በእናንተ መካከል ያለው ርቀት፣ በሁለት ዛፍ መካከል ያለው ርቀት ይለጠጣል፣ ይጠባል።

ወሬ ብቻ አይደለም። መስከረም 3 ቀን 2008 ዓ.ም. ሰኞ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ50 ላይ የት ነበራችሁ? የእንቁጣጣሽ ጠላ ገና ያላለቀበት ቀን ነው። በዚያች ደቂቃ፣ 1.3 ቢሊዮን ዓመት ገደማ የተጓዘ የስበት ሞገድ ምድርን አቋርጦ አለፈ። በጣና አለፈ፣ በፎገራ ሜዳ አለፈ፣ በእናንተም ሰውነት አለፈ። ማንም አልተሰማውም። አሜሪካ ያሉት፣ ላይጎ የሚባሉት ሁለቱ የስበት ሞገድ መለኪያ መሣሪያዎች ብቻ መዘገቡት። እያንዳንዳቸው 4 ኪሎ ሜትር የሚረዝሙ ክንዶች አሏቸው፤ የክንዳቸው ርዝመት የተለወጠው አቶም ውስጥ ካለችው ፕሮቶን ስፋት አንድ ሺኛ ያህሉን ነው። የሞገዱ መነሻ ሁለት ጥቁር ጉድጓዶች ተጋጭተው አንድ መሆናቸው ነበር።

የዛሬው ሞገዳችን ግን ከጥቁር ጉድጓድ የመጣ አይደለም። የበለጠ ያረጀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ አለን ጉዝ፣ አንድሬ ሊንዴና ሌሎችም አንድ ሐሳብ አቀረቡ። ዓለም በመጀመሪያዋ ቅጽበት ሐሳብ ሊከተለው በማይችል ፍጥነት ተነፋች አሉ። ይህን ኢንፍሌሽን ይሉታል፤ በእኛ ቋንቋ ግሽበት። የገበያው ግሽበት ዋጋ ይነፋል፤ ይህኛው ቦታን ራሱን ነው የነፋው። መቼ? አንዷን ሰከንድ ለቢሊዮን ክፈሏት። የደረሳችሁን እንደገና ለቢሊዮን ክፈሉት። እንደገና። አሁንም እንደገና። አራት ጊዜ። በዚያ አካባቢ ነው።

እንዲህ ያለ መነፋት ደርሶ ከሆነ የስበት ሞገድ አስነሥቷል። የስበት ሞገድ ደግሞ ጉም አያግደውም። ብርሃን ሲንገላታ በነበረበት ዘመን እሱ ያለ ከልካይ ያልፍ ነበር። ዛሬ ግን እጅግ ተለጥጦ፣ እጅግ ደክሞ ስላለ ላይጎ አይሰማውም። ሆኖም ጉሙ በሚገለጥበት ሰዓት በዚያ ካለፈ፣ ቦታውን በአንድ በኩል ለጥጦ በሌላ በኩል አጥብቦ ነበር። ሲለጠጥ ብርሃኑ ይቀዘቅዛል፣ ሲጠብብ ይግላል። ኤሌክትሮኑም ከአንዱ መስመር የጋለ፣ ከሌላው የቀዘቀዘ ብርሃን ይመታዋል። ጥንታዊው ብርሃን ላይ ምልክት ይቀራል ማለት ነው።

ሞገዱ ቢሄድም ምልክቱ ይቀራል። አላልኋችሁም?

እዚህ ላይ የሚጠይቁን አድማጮች አሉ፤ «ይህ የፈጣሪን ሥራ መካድ አይሆንም ወይ?» ይላሉ። ጥያቄው ከልብ ስለሚመጣ አከብረዋለሁ። ሳይንቲስቶቹ የሚሠሩት ብርሃኑ ይዞት የመጣውን መለካት ነው። ዓለም ለምን ኖረች የሚለውን ቴሌስኮፕ አይመልሰውም፤ እመልሳለሁም አይልም።

[ሙዚቃ፤ ዝቅ እያለ ይቀጥላል]

ቅድም ሁለት ተጠርጣሪዎች አሉ ብያለሁ። የቁሱ መጥበቅና መሳሳትም ምልክት ይተዋል። ታዲያ የስበቱን ሞገድ ምልክት በምን ይለዩታል? በቅርጹ ነዋ!

እቤታችሁ ሰፌድ ካለ አምጡና መስታወት ፊት ያዙት። በሰፌዱ ላይ የተሰፋው ቀለም ክብ ክብ ከሆነ፣ ወይም ከመሐል ወደ ዳር እንደ ፀሐይ ጨረር ቀጥ ብሎ የሚሄድ ከሆነ፣ መስታወቱ ውስጥም ያው ነው፤ አይለወጥም። አንዳንዱ ሰፌድ ደግሞ ቀለሙ ከመሐል ሲነሣ ወደ ቀኝ እየታጠፈ፣ እንደ ሕፃን አናት ሽክርክሪት እየዞረ ይወጣል። እሱን መስታወት ፊት ስትይዙት ወደ ግራ ይዞራል። ይገለበጣል።

ሳይንቲስቶች የጥንታዊውን ብርሃን ፖላራይዜሽን ሰማይ ላይ እንደ ካርታ ሲስሉት እነዚህኑ ሁለት ዓይነት ጥለቶች ነው የሚፈልጉት። ክብና ጨረር የሚመስለውን፣ መስታወት የማይለውጠውን፣ «ኢ» ይሉታል። ሽክርክሪቱን፣ መስታወት የሚገለብጠውን፣ «ቢ» ይሉታል። የቁሱ መጥበቅና መሳሳት በዚያ ዘመን ሊሠራ የሚችለው «ኢ»ን ብቻ ነው። የስበት ሞገድ ግን ሁለቱንም ይሠራል። እንግዲህ ከዚያ ዘመን የቀረ ሽክርክሪት ከተገኘ፣ የሞገዱ አሻራ ተገኘ ማለት ነው።

ልድገመው። ክብና ጨረሩ የሁለቱም ሊሆን ይችላል። ሽክርክሪቱ ግን የስበት ሞገዱ ምልክት ነው። የምልክቱ ቅርጽ ሠሪውን ይናገራል።

ትንንሽ ሽክርክሪቶችም አሉ። ብርሃኑ ወደ እኛ ሲመጣ በመንገዱ ያሉት የከዋክብት ክምችቶች በስበታቸው ስለሚያጣምሙት የሚፈጠሩ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ደቡብ ዋልታ ላይ ባለ ቴሌስኮፕ ታይተዋል። የሚፈለጉት ግን ተለቅ ያሉት ናቸው፤ ሰማይ ላይ የሙሉ ጨረቃን ስፋት አራት ያህል ጊዜ የሚያክሉት።

[የሙዚቃ ለውጥ]

አሁን ወደ መጋቢት 8 ቀን 2006 ዓ.ም. እንሂድ። ባይሴፕ 2 የተባለ ቴሌስኮፕ ሦስት ዓመት ያህል ደቡብ ዋልታ ላይ ተቀምጦ ሰማዩን ሲያጠና ቆይቷል። ቴሌስኮፕ ስላችሁ ተራራ የሚያክል እንዳይመስላችሁ። ብርሃን የሚያስገባው አፉ 26 ሳንቲ ሜትር ነው። ከእንጀራ ምጣዳችሁ ግማሹን አያክልም! በዚያ ቀን የቡድኑ ሳይንቲስቶች ሃርቫርድ ላይ ብቅ ብለው ሽክርክሪቱን አገኘነው አሉ።

የአንድሬ ሊንዴን ደጃፍ የሚያሳይ አንድ ቪዲዮ አለ። ከቡድኑ አባላት አንዱ የሆነው ቻው ሊን ኩዎ በሩን ያንኳኳል። ሊንዴና እሷም የፊዚክስ ሊቅ የሆነችው ባለቤቱ ሬናታ ካሎሽ ይከፍታሉ። ውጤቱን ሲሰሙ ሬናታ መልእክተኛውን ታቅፈዋለች፤ ሊንዴ የሰማውን እንዲደግምለት ይጠይቃል። ሠላሳ ዓመት የቆየ ሐሳቡ ነው ተረጋገጠ የተባለው። ከዚያ ግን ሰውየው አንድ ስጋት ይናገራል፤ ውብ ስለሆነ ብቻ አምኜው ብታለልስ ይላል። እኔ ይህን ባየሁ ቁጥር ከደስታው ይልቅ ያቺ ስጋት ናት የምትነካኝ። ዕድሜ ልኩን የጠበቀው ሰው በደስታው ሰዓት ራሱን ይጠይቃል።

ስጋቱም እውነት ሆነ። ምን ነበር? አቧራ።

ጉማራ ጣና ውስጥ የሚገባበትን ቦታ ታውቁታላችሁ። በነሐሴ ውሃው ከደለል ብዛት ጠላ ይመስላል። አንድ ሰው ከዚያ አፍ ላይ በጣሳ ቀድቶ «የጣና ውሃ እንዲህ ድፍርስ ነው» ቢል ምን ትሉታላችሁ? ወንድሜ፣ አንተ የቀዳኸው የጉማራን ደለል ነው፣ ወደ ውስጥ በታንኳ ገብተህ ቅዳ ትሉታላችሁ። የእኛ ጋላክሲ፣ ፍኖተ ሐሊብ የምንለው፣ በጥቃቅን አቧራ የተሞላ ነው። የአቧራው ቅንጣቶች በጋላክሲው መግነጢስ ተሰልፈው ስለሚቆሙ እነሱም ፖላራይዝድ የሆነ ማይክሮዌቭ ይረጫሉ። ሽክርክሪትም ይሠራሉ። ጥንታዊው ብርሃን እኛ ዘንድ ለመድረስ በዚህ አቧራ በኩል ማለፍ አለበት። በታንኳ ገብቶ ከወዲያ መቅዳት ደግሞ አይቻልም።

ታዲያ እንዴት ይለያል? ሬዲዮ በመቃኘት ነው ብላችሁ ያዙት። አቧራው ከፍ ባለው ሞገድ ላይ ይበረታል፤ ጥንታዊው ብርሃን እዚያ ይደክማል። ብዙ ጣቢያ ላይ ካዳመጣችሁ ማን የት እንደሚጮኽ ትለያላችሁ። ባይሴፕ 2 ያዳመጠው በአንድ ጣቢያ፣ በ150 ጊጋኸርዝ ነበር። ፕላንክ የተባለው የአውሮፓ ሳተላይት ግን በብዙ ጣቢያ አዳምጦ ነበር። መስከረም 2007 ዓ.ም. ፕላንክ የአቧራውን ካርታ ሲያወጣ፣ በዚያች የሰማይ ክፍል አቧራው ከተገመተው በላይ ሆኖ ተገኘ። ሁለቱ ቡድኖች መረጃቸውን አንድ ላይ አድርገው እንደገና ሠሩት። ጥር 2007 ላይ ውጤቱ ወጣ፤ ታየ የተባለው ምልክት የስበት ሞገድ ነው ለማለት አያስችልም፣ አቧራው አለበት።

ይህን ስሰማ አዘንሁ፤ አልዋሻችሁም። ግን ደግሞ አስቡት። ስህተቱን ያገኙት ራሳቸው ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ ባይሴፕ 2ም ከተፎካካሪው ጋር ተቀምጦ ውጤቱን ከለሰ። ቴሌስኮፑንም አሻሽለው፣ ጣቢያ ጨምረው ቀጠሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጡት ውጤት እንደሚለው፣ የስበት ሞገዱ አሻራ ካለ፣ መጠኑ በ2006 ዓ.ም. ከታሰበው ከአምስት አንድ እጅ አይሞላም። ቀላል የተባሉ አንዳንድ የግሽበት ስሌቶች በዚህ ወድቀዋል። አሻራው ራሱ ግን እስካሁን አልተገኘም። ጥያቄው ክፍት ነው።

[አጭር የክራር ዜማ]

«እኛስ አገር ለምን አይፈለግም?» የምትሉ ተማሪዎች አላችሁ፤ አውቃለሁ። እንጦጦ ላይ ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች አሉን። እነሱ ግን በዓይን ለሚታይ ብርሃን፣ ከዋክብትን ለማጥናት የተሠሩ ናቸው። ማይክሮዌቭ ሌላ ነገር ይፈልጋል፤ ደረቅ አየር። የማይክሮዌቭ ምድጃ ምግብ የሚያሞቀው ምግቡ ውስጥ ያለው ውሃ ማይክሮዌቭን ስለሚውጥ ነው። አየር ውስጥ ያለ እርጥበትም ከሰማይ የሚመጣውን እንዲሁ ይውጠዋል። ደቡብ ዋልታ ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ በረዶ ነው፤ ከቅዝቃዜው የተነሣ አየሩ ውስጥ እርጥበት የለም ማለት ይቻላል። ቺሊ ውስጥ አታካማ በሚባለው በረሃም ከ5,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ደረቅ ቦታ አለ፤ ሳይመንስ ኦብዘርቫቶሪ የሚባለው መመልከቻ እዚያ ነው ያለው። ፎገራን ሩዝ ያበቀለላት፣ ላሞቿን ያወፈረላት እርጥበት ለዚህ ሥራ አይመችም።

ከወረታ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ርቆ ግን፣ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የዋሸራ የጂኦስፔስና የራዳር ሳይንስ ምርምር ቤተ ሙከራ አለ። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በአገራችን ላይ ስለሚያልፍ፣ በከባቢ አየሩ ላይኛ ክፍል ያለው ኤሌክትሮን የበዛበት ንብርብር የሬዲዮ ሞገድን ምን እንደሚያደርገው ያጠናሉ። ኤሌክትሮንና ሞገድ! የዛሬው ታሪካችን ሁለት ባለቤቶች። ፊዚክስ የምትወዱ ልጆች ከዚያ መጀመር ትችላላችሁ፤ መረጃ የሚተነትን ሰው ደግሞ ደቡብ ዋልታ መሄድ የለበትም፣ ካለበት ሆኖ በኮምፒውተር ይሠራል። የፕላንክ ካርታዎች ለሁሉም ሰው ክፍት ናቸው።

[የመዝጊያ ሙዚቃ ከሥር ይገባል]

የዚህ ሳምንት የቤት ሥራችሁ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ፖላራይዝድ መነጽር ያለው ሰው ፈልጉና የካልኩሌተር መስኮት በእሱ በኩል እያያችሁ ካልኩሌተሩን አዙሩት። መስኮቱ በአንድ በኩል ድርግም ብሎ ይጠቁራል። ለምን እንደሆነ ጽፋችሁ ላኩልን። ሁለተኛውን ለጥቅምት አስቀምጡት። ውሃው ሲሸሽ፣ በሬዎቹ ከመውረዳቸው በፊት፣ በማለዳ ባሕር ሸሹ ላይ ውረዱ። ደለሉ ላይ ያሉትን ጉብታዎች በጣታችሁ ዳስሱ፤ ሁለቱ ጎን እኩል ነው ወይስ አንደኛው ቁልቁለት? የጣና ሞገድ ነው የሠራው ወይስ የጉማራ ጎርፍ? ያያችሁትን ደውላችሁ ንገሩን።

በሚቀጥለው ሳምንት ጣና ላይ የሚነሣው ነፋስ ማታ ለምን አቅጣጫ እንደሚቀይር እናወራለን። እስከዚያው ደኅና ሰንብቱልን።

[ሙዚቃው ከፍ ይላል፤ ይጠፋል]